ያለ ፀሐይ የሚያጠይም ጢስ

ሠረቀብርሃንን የሰደበው ፋንታሁን ነው። ቀኑም የ2006 ዓ.ም. ጥምቀት፣ እሑድ፣ ታቦት ሲያጅቡ የዋሉት የጆሃንስበርግ ሐበሾች መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ለምሳ የተቀመጡበት ሰዓት ነበር። ሠረቀብርሃን አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከክቡ ዳር ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ፋንታሁን አንገቱን መዘዝ አድርጎ አየሩን አሸተተና፣

«እናንተ! ይሄ ሰውዬ ጫጉላ ጫጉላ ሸተተኝ። ማን አግብቶት ነው?» አለ።

ክቡ በሳቅ ፈረሰ። ፋንታሁን መሳቁ አይደንቅም፤ ቀልዱ የራሱ ነው። ሠረቀብርሃንን ያንገበገበው ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው የአለምወርቅ የምትባለዋ ልጅ መሆኗ ነው። የጎረሰችውን ሳትውጥ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሸሚዙን የገዛው ደግሞ ለእሷ ብሎ ነበር።

ቀልዱ የሚገባው ወይባ ለሚያውቅ ነው። በሠረቀብርሃን አገር በራያ ቆቦ ሴት ስትዳርም ስታርስም ወይባ ትሞቃለች። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፍም ይገባል፤ በፍሙ ላይ የወይባ እንጨት ይጨመራል። ሴትዮዋ ልብሷን አውልቃ ከላዩ ትቀመጥና እስከ አንገቷ በብርድ ልብስ ትከናነባለች። ፀሐይ ሳያያት ጢሱ ብቻ ቆዳዋን ያወዛዋል፣ እንደ ማር ያጠይመዋል። ሽታው ገላዋ ላይ ይሰነብታል፤ በአጠገቧ ያለፈ ሁሉ «ባሏ ታድሎ» ይላል። ነገሩ የሴት ነገር ነው። ሠረቀብርሃን ግን የአጎቱ ልጆች የሚሰበስቡትን እንጨት በመንገደኛ ሻንጣ ከቆቦ እያስመጣ ለጆሃንስበርግ ሐበሻ ሴቶች የሚሸጥ ወንድ ነበር። ያን ጊዜ ሂልብሮው በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ከሌሎች ጋር በሚጋራት ክፍል እንጨቱን አልጋው ሥር ስለሚያስቀምጥ ሽታው ልብሱ ውስጥ ሰርጎ፣ ሳሙናም አላስለቅቀው ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥምቀት አልወጣም። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ያነበበው ብዙም አይያዝለትም። የሰደበውን ሰው ግን ከነልብሱ ቀለም ይይዛል። «አንተስ እንጨት ብትሸከም ይሻልሃል» ያሉት የስድስተኛ ክፍል መምህር ቡናማ ካፖርት ነበር ያደረጉት። የስደተኛ ወረቀት የሚታደስበት ሰልፍ ላይ በክርኑ ገፍቶት ዞር ብሎ ያላየው ዘበኛ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር። ሁሉም ልቡ ውስጥ በየወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውንም ውጣ ብሎ አያውቅም። የፊተኛው ወንበር የፋንታሁን ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የማን እንደሆነ ሠረቀብርሃን ለራሱም አይነግርም።

ኮሮና ሲመጣ ሠረቀብርሃን ሜይፌር ሰፈር፣ አንድ የድሮ ቤት ጓሮ ውስጥ ባለች ክፍል ይኖር ነበር። አገሩ ሁሉ ቤትህ ግባ ተባለ። አብረውት ግቢውን የሚጋሩት የሆሳዕና ልጆች ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ክፍት ይሁን ስለተባለ ጓዛቸውን ጠቅልለው ኮዝሞ ሲቲ ወዳለው፣ ስፓዛ ወደሚሉት የሰፈር ሱቃቸው ሄዱና እዚያው ባንኮኒው ሥር ማደር ጀመሩ። ሲሄዱ ጮክ ብለው ይጸልዩ ነበር፤ ለሁሉም ጸልየው ለእሱ መጸለያቸውን ግን አልሰማም። ግቢው ጭር አለ። አውሮፕላን ስለቆመ ከቆቦ እንጨት አይመጣም፤ ሠርግ ስለቆመም የሚገዛ የለም። ሠረቀብርሃን ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል፤ ከዚያ ፊቱን ለማን እንደታጠበ ያጣዋል። አንዳንድ ቀን ድምፁ መኖሩን ለማወቅ ያህል ይስላል። በኋላ ሳል ራሱ የሚያስፈራ ሆነና ግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት መስኮቱን ሲዘጋ ሰማ። ያንንም ያዘበት።

የአለምወርቅ የመጣችው በክረምቱ፣ የውበት ሳሎኖች ይከፈቱ በተባሉ ሰሞን ነው። በሩን ስታንኳኳ ድምጿን አወቀው፤ ቢያውቀውም አቆያት።

«ሠረቀ! ኧረ በብርድ አለቅኩ! አለህ ወይስ ቀብረንሃል?»

«አለሁ» አለ በሩን ገርበብ አድርጎ። «ምን ፈለግሽ?»

«ወይባ።»

የአለምወርቅ ስምንተኛ ጎዳና ላይ የፀጉር ሳሎን አላት። ከጥቂት ዓመት በፊት ሐበሻ የሚነግድበት ጄፒ መንገድ ላይ ከሚሸጡት የቆዳ ማቅያ ክሬሞች አንዱን ተቀብታ ጉንጮቿ ተቃጥለው ነበር፤ አሁንም ከዓይኗ ሥር ግራና ቀኝ ጥቁር ጥላ አለ። ማስክ ለሌላው መታፈኛ ሲሆን ለእሷ ግን በረከት ሆነላት፤ ማንም አፍጥጦ አያያትም። ክሬሞቹን ከመደርደሪያዋ አውርዳ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ስትደፋ መንገደኛው ሁሉ እብድ ብሏት ነበር። «ከእንግዲህ እናቴ ያላወቀችው ነገር የማንንም ሴት ቆዳ በእጄ አይነካም» አለች። አሁን ከሳሎኑ ጀርባ ባለው ግቢ በቆርቆሮ የታጠረች የወይባ ቤት ልትሠራ ፈልጋለች። ጉድጓዱን የሚያውቅ፣ እሳቱን የሚመጥን ሰው ቸገራት።

«እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ስለ ወይባ የማውቀው ወሬውን ነው። አንተ ደግሞ ከነእናትህ በዚህ ያደግህ ነህ። ና እንጂ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ቢኖር አንተን በብርድ ቆሜ እለምን ነበር?»

ይቺም ተያዘች። ቢሆንም ከአልጋው ሥር የቀረችውን ወይባ በከረጢት ተሸክሞ ሄደ።

ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ጎኖቹን በጭቃ ለሰነ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ወይባው ውድ ስለሆነ ጉድጓዱ መጀመሪያ በሌላ እንጨት ይሞቃል። ለዚህም የአለምወርቅ ከቤንዚን ማደያ፣ እዚህ አገር ጋራዥ ከሚሉት፣ ብራይ ለሚሉት የሥጋ ጥብስ በፕላስቲክ ከረጢት የሚሸጠውን እንጨት ትገዛለታለች። እሱ ፍም ሲሆን ወይባው ይጨመራል። ጢሱ ልክ ሲመጣ ሠረቀብርሃን ወጥቶ ከቆርቆሮው ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ሴቶቹ ይገባሉ። ወራት ቤት ተዘግተው ፊታቸው የአመድ መልክ ያመጣ ሴቶች እዚያ ውስጥ ሆነው ሲሳሳቁ፣ ሲያማርሩ፣ አንዳንዴም ሲያለቅሱ ይሰማል። በሚወጡበት ጊዜ ቆዳቸው የበሰለ ፍሬ መስሎ ይታያል። እሱን ማንም አያየውም።

ግን የሚመጣው ለዚያ አልነበረም። የሚመጣው ጠዋት የብረቱን በር ስትከፍት የአለምወርቅ «እንደምን አደርክ፣ ሠረቀ? ብርዱ አልገደለህም?» ስለምትለው ነው። ይህን ቃል ሊሰማ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ገና እንዳልተከፈተ እያወቀ በዚያ መንገድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ቀትር ላይ ደረጃው ላይ ሆነው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው፣ እሷ ከላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ እሱ ከታች ምሳ ይበላሉ። ስለ ብዙ ነገር አያወሩም። ሰው ሲያኝክ መስማት ራሱ ናፍቆት ኖሯል።

አንድ ቀን ፎጣ እያሰጣች፣ «ቤቱ በሐበሻ ሴት ብቻ አይቆምም፤ ሁሉም ተቸግሯል» አለችው። «እስከ መስቀል ሌላ ደንበኛ ካላገኘሁ ዘግቼ እህቴ ዘንድ ደርባን እሄዳለሁ።»

ሠረቀብርሃን የቀረውን ፎጣ ተቀብሎ አሰጣላት። ያን ቀን ግን ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን ወይባ ሲመለከት እንጨት አልነበረም ያየው። ያቺን የጠዋት ሰላምታ ነው ያየው።

ደንበኛውን ያመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፋንታሁን። ፋንታሁን ያን ጊዜ ባኪ በሚሏት ትንሽ የጭነት መኪናው ለየሱቁ ዕቃ ያደርሳል። ከሚያደርስላቸው አንዷ ሜልቪል ሰፈር ውስጥ ከተፈጥሮ የተሠሩ የቆዳና የፀጉር ዕቃዎችን የምትሸጥ ሄስተር የምትባል ነጭ ሴትዮ ናት። ስለ ወይባ ሲያወራላት ዓይኗ በርቷል አሉ። ይህን ሊነግር በብረቱ በር ገብቶ፣ ማስኩን አንዱ ጆሮው ላይ አንጠልጥሎ፣ ገና ከሩቅ መጮህ ጀመረ።

«ዓለምዬ! እጣሽ ወጣ! ፈረንጆቹ ያለ ፀሐይ የሚያጠይም ቅባት በጠርሙስ ይቀባሉ አይደል? እንደ ካሮት አድርጎ የሚያወጣቸው? ይቺ ሴትዮ ከእሱ የተሻለ፣ ኬሚካል የሌለበት ትፈልጋለች። ወይባ ስላት አበደች!» ከዚያ ሠረቀብርሃንን አየና በአገሬው ሰላምታ ጀመረ። «ኦ! ወንድሜ! ሳውቦና! አለህ እንዴ በዚች ምድር? የት ጠፍተህ ነው?»

ሠረቀብርሃን መልሱን ከተሰደበባት ቀን ጀምሮ አዘጋጅቶ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ፣ አጣጥፎ ነበር ያስቀመጠው። «ከጥምቀቱ ወዲህ ነዋ የጠፋሁት» አለ።

«ከየቱ ጥምቀት?»

«ካንተ ጥምቀት!»

ፋንታሁን ወደ የአለምወርቅ ዞረ። «ምን ሆኜ ነበር? ጠጥቼ ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች የአለምወርቅ፤ «እኔ ነበርኩ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይህን ሠረቀብርሃንም ያውቀዋል። የማያውቀው ግን የወጋው ሰው በእውነት እንደሚረሳ ነበር። እያስመሰለ አይደለም፣ ጨርሶ ረስቶታል። ያን ሁሉ ዘመን ብቻውን ሲጨቃጨቅ የኖረው ከባዶ ወንበር ጋር ኖሯል። ቀና ብሎ ፋንታሁንን አየው፤ ሸብቷል፤ ጥርሱም አንዱ የለም። አላዘነለትም።

ሄስተር በማግስቱ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአበባ ጨርቅ የተሰፋ ማስክ ያደረገች፣ ድምጿ የማይጮህ ሴት ናት። ለናሙና ያመጣችውን የራሷን ማጠየሚያ ቅባት በጠርሙስ ለየአለምወርቅ ሰጠቻት፤ የአለምወርቅ ክንዷ ላይ ጠብ ብታደርገው ቦታው ተልጦ የቆየ ድንች ይመስል ጠቆረና ሁለቱ ሴቶች ተሳሳቁ። ሄስተር ጉድጓዱን አየች፤ ጭቃውን በእጇ ዳሰሰች፤ ከወይባ ገና የወጣች አንዲት ልጅ ክንዷን ስታሳያት አፏን ይዛ ቀረች። ሁሉም ነገር መንገዱን ይዞ ነበር። የአለምወርቅ ከሴትዮዋ ጀርባ ሆና ለሠረቀብርሃን በዓይኗ «ሆነልን!» አለችው። «ልን» ማለቷን ልቡ መዘገበ።

ከዚያ ሄስተር ወደ እሱ መጣች። እሱ ቁጭ ብሎ ስለነበር ጎንበስ አለች፤ አንዱን የወይባ ፍላጭ አነሳችና ቀስ ብላ ጠየቀችው። ፋንታሁን ሊያስተረጉም አፉን ሲከፍት ሠረቀብርሃን በእጁ ከለከለው። ቃሎቹን ያውቃቸዋል። ይህ ከየት መጣ? ማን ቆረጠው? ለቆረጠው ሰው ምን ተከፈለው? ዛፉ ተመልሶ ይበቅላል?

ለሄስተር ይህ የሥራዋ ጥያቄ ነው። የምትሸጠው ነገር ሁሉ ማንም ሳይበደልበት፣ ዱር ሳይራቆትበት መገኘቱን ለደንበኞቿ ትናገራለች፤ ይህን ፋንታሁን አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። ለሠረቀብርሃን ግን «ከየት መጣ» የሚለው ቃል ሌላ ድምፅ አለው። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የወረቀት ቢሮው መስኮትም ይህንኑ ይላል። ከዚያም በፊት ቆቦ ላይ እናቱን የደን ጠባቂ ይዞ፣ «ማን ቁረጪ አለሽ?» ብሎ የቆረጠችውን ወይባ አሸክሞ በገበያ መሀል ሲነዳት፣ ሠረቀብርሃን ቀሚሷን ይዞ ከኋላ ከኋላ ሲሮጥ ነበር። እናቱ የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ እንጂ ግንዱን ነክታ አታውቅም። ይህን ግን ያን ቀን የጠየቃት አልነበረም።

ዛሬ ጠያቂ ተገኘ። እሱም የለመደውን መለሰ።

«ከጋራዥ» አለ በእንግሊዝኛው። «እዚሁ ነው የተገዛው። የብራይ እንጨት ነው። ሕጋዊ ነው፤ ደረሰኝ አለኝ።»

ይህን ብሎ ከግድግዳው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ከረጢት ጎትቶ አመጣና እግሯ ሥር አቆመው። ከረጢቱ ላይ መጥበሻ ላይ የተጠቀለለ ቋሊማ ሥዕል አለ።

ሄስተር ቋሊማውን አየች፤ በእጇ የያዘችውን ፍላጭ አየች፤ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ፋንታሁን መጀመሪያ ሳቁን ዋጠ፤ ከዚያ «ማዳም፣ እየቀለደ ነው፤ ከኢትዮጵያ ነው የመጣው» አለ። ሠረቀብርሃን ቀና ብሎ፣ «አልቀልድም!» አለ። የሚመጣበትን አያውቅምና የያዘውን ውሸት እንደ ጋሻ ያዘው።

ሄስተር አልተቆጣችም። ለየአለምወርቅ ያለችውን ፋንታሁን እንዲህ አድርጎ ተረጎመው፦ «እኔ ቅባት ሻጭ አይደለሁም ትላለች። ሰው የሚያምነውን ቃሌን ነው የምሸጠው። ዛሬ ይሄን ካለኝ ነገ የሚለኝን እንዴት አምናለሁ? ግን ፈርቶ ከሆነ ይገባኛል። ቅዳሜ ሱቄ አምጡት፤ ሻይ እንጠጣ፤ ከራሱ አፍ ልስማው። እንጨቱን የሰበሰቡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ እሱው ይንገረኝ። ያን ጊዜ እወስናለሁ።»

ፋንታሁን ሴትዮዋን በር ድረስ ሸኝቶ ተመለሰ። የአለምወርቅ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሠረቀ፣ ምን ነካህ?»

«የፖሊስ ጥያቄ ጠየቀችኝ።»

«ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል እንዴ?»

ይህን አላሰበውም ነበር።

«ይሁን፤ ያለፈው አለፈ» አለች። «ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። እውነቱን ትነግራታለህ፤ ያልቃል። እናትህ እንዴት ይሰበስቡት እንደነበር፣ አሁንም የአጎትህ ልጆች እንዴት እንደሚሰበስቡት። በቃ።»

«ለምን ብዬ?»

«እንዴት ለምን ብዬ? ለቤቱ ነዋ! ካልሆነ እኮ ደርባን መሄዴ ነው።»

ሠረቀብርሃን ጠበቀ። ከዚያ ቃል በኋላ አንድ ሌላ ቃል ይመጣል ብሎ ጠበቀ። «ለእኔ ስትል» ብትለው እንኳን ሜልቪል፣ ኬፕታውን በእግሩ ይሄድላት ነበር። የአለምወርቅ ግን ልብ አንባቢ አይደለችም። በማስኩ ላይ ጉንጯን በጣቷ እያሻሸች፣ ሐሳብ እንደገባት ሰው መሬት መሬቱን ታያለች።

«ስማኝማ» አለ ፋንታሁን፣ ነገሩን ሊያቀልለት ብሎ። «መናገሩ ከከበደህ አትጨነቅ። እኔ አንተን ሆኜ እነግራታለሁ። ታሪኩን ስጠኝ ብቻ፤ እኔ አሳምሬ አወራዋለሁ። ገበያውን፣ ተራራውን፣ ምናምኑን ጨምሬበት አስለቅሳታለሁ! እንግሊዝኛውም አለኝ። አንተ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ራስህን ነቅነቅ ማድረግ ነው።»

«ተው፣ አንተ ደግሞ» አለችው የአለምወርቅ። ግን ሐሳቡን አልጣለችውም፤ ፊቷ ላይ ሲዞር ይታያል። ወዲያው ወደ ሠረቀብርሃን ቀረብ አለች። ማስኩን እስከ አገጯ ዝቅ አደረገችው። እነዚያን የተቃጠሉ ጉንጮቿን ለማንም አታሳይም ነበር፤ ለእሱ ግን ገለጠቻቸው። ድምጿም ልስልስ ብሎ ነበር።

«የእናትህ ስም ማን ነበር፣ ሠረቀ? እስከዛሬ ጠይቄህም አላውቅ።»

በዚህ ከተማ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም። የአባቱን ስም ወረቀት ይጠይቃል፤ የአያቱን ስም ወረቀት ይጠይቃል። የእናቱን ስም ግን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ብቻውን ካልጠራው በቀር እዚህ አገር አየር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ጥያቄ ከዚች ሴት አፍ ለመስማት ስንት ዘመን እንደጠበቀ እሱና ግድግዳው ያውቃሉ። አሁን ተጠየቀ። የተጠየቀውም ፋንታሁን አጠገባቸው ቆሞ፣ ለመስማት ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣ ለቅዳሜ እንዲሆነው ሊይዘው ሲዘጋጅ ነው።

ስሙ ጉሮሮው ድረስ መጣ። የአለምወርቅን ፊት አየ፤ በእርግጥ ልታውቅ የፈለገች ትመስላለች። የፋንታሁንን ፊት አየ። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን አመድ በሱሪው ጠረገ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ፍም እንዳይበተን በጭቃው ክዳን ከደነው። ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

«ሠረቀ?» አለች የአለምወርቅ። «ስምህን አልጠየቅኩህም እኮ፤ የእናትህን ነው።»

ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ሳበ። የብረቱን በር ከፈተ፤ ሳያስጮኸው መልሶ ገጠመው። ሳይመልስላት ስምንተኛ ጎዳናን ይዞ፣ ገና በቀን መዝጊያቸውን ባወረዱት ሱቆች አጠገብ፣ ወደ ክፍሉ ሄደ።